ሐውልቱና በረቱ



በደቡብ ሪያድ፣ በመንሱራ፣ ዓርብ ማታ በምንሰበሰብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ክርክር ተነሣ። መነሻው አንዲት እህታችን በስልኳ ያሳየችን ፎቶግራፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሠሪዎቿ ልጆች ጋር በከተማይቱ ሰሜን ወዳለው፣ ቡሌቫርድ ወርልድ ወደሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ሄዳ በአንድ ግዙፍ የብረት ሐውልት ሥር ቆማ የተነሣችው ነው። ሐውልቱ ሁለት ቀንድ ያለው ሮቦት ነው፤ ስሙም ግሬንዳይዘር ይባላል።

በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ወንድም፣ ጋሼ እያልን የምናከብራቸው፣ ፎቶግራፉን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። «ቀንድ ካለው ነገር ሥር ቆሞ መነሣት ለክርስቲያን ምን ይረባዋል? ከጣዖት ከፍ ቢል የልጆች ቀልድ ነው፤ ሁለቱም ለእኛ አይሆኑም» አሉ። አንድ ወጣት ደግሞ «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው! ይልቅስ አዲሱን አይተውታል?» ብሎ ሮቦቱ ስለሚተኩሳቸው መሣሪያዎች ይተርክ ጀመር። የፎቶግራፉ ባለቤት ለሁለቱም ሳትመልስ ጥቂት ቆየችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «የልጆቹ አባት እዚያው ቆሞ ሲነግራቸው ሰማሁ። ይህ ጀግና አገሩን ያጣ ስደተኛ ነበር፤ በሰው አገር ከብት ያበላ ነበር አላቸው። እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ነገራችንም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህ ጽሑፍ ፊልሙን ከሚንቁት ከጋሼም ሆነ በመሣሪያዎቹ ብቻ ከሚደነቀው ወጣት ጋር ይሟገታል። በመጨረሻ ደግሞ ከሁላችንም ጋር፣ ጸሐፊውን ጨምሮ፣ የሚሟገትበት ጉዳይ አለው።

ግሬንዳይዘር የጃፓናዊው የሥዕል ታሪክ ደራሲ የጎ ናጋይ ፈጠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1975 እስከ የካቲት 1977 ድረስ በጃፓን ቴሌቪዥን በ74 ክፍሎች ታየ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ፣ ሊባኖስ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ፣ የሊባኖስ ተዋንያን ወደ ዓረብኛ መለሱት፤ የመክፈቻ መዝሙሩንም እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ድምፃዊ ሳሚ ክላርክ አዜመው። በዚያ ድምፅ አንድ የዓረብ ትውልድ አደገ። ዛሬ በምንሠራባቸው ቤቶች ውስጥ «ባባ» እያልን የምንጠራቸው ብዙዎቹ አባወራዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሪያድ የበዓላት ወቅት የቆመው ሐውልት 33.7 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ ከብረት ከተሠሩ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ ተብሎ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ደግሞ ታሪኩ «ግሬንዳይዘር ዩ» በሚል ስም በ13 ክፍሎች እንደ አዲስ ተሠርቶ ቀረበ፤ መቀመጫው ሪያድ የሆነው ማንጋ ፕሮዳክሽንስም የሥራው ተካፋይ ሆነ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ዱክ ፍሊድ ፍሊድ የተባለች ፕላኔት ልዑል ነው። የቬጋ ሠራዊት አገሩን አጠፋበት፤ እርሱም ግሬንዳይዘርን ይዞ ወደ ምድር ተሰደደ። ዶክተር ኡሞን የተባሉ ሳይንቲስት ተቀብለው እንደ ልጃቸው አኖሩት፤ ዳይሱኬ የሚል የአገሬው ስምም ወጣለት። ልዑሉ በአቅራቢያው ባለ የከብት እርባታ በረት ይጠርጋል፤ ድርቆሽ ይሸከማል፤ ፈረስ ያበላል። በክንዱ ላይ ከጦርነቱ የተረፈ፣ ውሎ አድሮ ሊገድለው የሚችል ቁስል አለበት። የተቀበለችው ምድር በተጠቃች ጊዜ ግን ከበረቱ ወጥቶ ይዋጋላታል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጋሼ። ቀንዱ ያስፈራዎት እንደ ሆነ፣ ሮም በሚገኘውና የቅዱስ ጴጥሮስ ሰንሰለት በሚታይበት ቤተ ክርስቲያን ማይክል አንጄሎ የቀረጸው ሙሴ ተቀምጧል፤ በራሱም ላይ ሁለት ቀንዶች አሉት። ያ የሆነው በጥንቱ የላቲን ትርጓሜ የሙሴ ፊት ማብራት ቀንድ ማውጣት ተብሎ ስለ ተተረጐመ ነው። ምእመናን ግን ይህን ያህል ዘመን በዚያ ሐውልት ፊት ሲያልፉ ሕግ የተቀበለውን ሰው አዩ እንጂ በቀንዱ አልተሰናከሉም። ቅርጽን ከትርጉሙ መለየት የአዋቂ ሰው ሥራ ነው።

«የልጆች ቀልድ ነው» ላሉትም መልስ አለኝ፤ ለዚህ ግን ከሪያድ ወጥተን ወደ አሜሪካ ጥቂት መሻገር ይኖርብናል። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1968 ድረስ ባትማን የተባለ ተከታታይ ፊልም በ120 ክፍሎች በቴሌቪዥን ታየ። ተዋናዩ አዳም ዌስት ጠባብ ልብስና ካባ ለብሶ እጅግ አስቂኝ ነገር ፈገግ ሳይል ይናገር ነበር፤ ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር የድምፁ ቃል በትልልቅ ፊደል በስክሪኑ ላይ ይጻፍ ነበር። ሌባ እያሳደደ እንኳን ወጣቱን ባልደረባውን የመኪና ቀበቶውን እንዲያስር ይመክረው ነበር። ዓለም ሳቀበት። ቀጥሎ የመጡት ፊልሞች ጀግናውን ጨለማ አለበሱት፤ ጨዋነት ሞኝነት፣ ጭካኔም ጥልቀት መሰለ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የቀድሞው ባትማን በአኒሜሽን ፊልም ታደሰ፤ አዳም ዌስት፣ በርት ዋርድና ጁሊ ኒውማር በእርጅናቸው ድምፃቸውን ሰጡ። ዌስት በተከታዩ ዓመት በ88 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያ ፊልም ውስጥ ጀግናው በመድኃኒት ተመርዞ ደግነቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ጨካኝና ትዕቢተኛ ይሆናል፤ ይጠብቃት የነበረችውን ከተማም በመዳፉ ሊያስገባ ይነሣል። የፊልሙ ቀልድ ቁም ነገሩም እርሱ ነው፦ የሳቅንበትን ጨዋነት ከጀግናው ላይ ብናወልቀው የሚቀረን ጭምብል የለበሰ ጉልበተኛ ነው።

ስለዚህ፣ ጋሼ፣ የልጆች ቀልድ አንዳንዴ ትልቆች የጣሉትን ነገር አንሥቶ ያስቀምጣል። ያረጀ ታሪክ ሲታደስ ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄም ከዚህ ይወጣል። የታደሰው ምኑ ነው? ካባው፣ ዜማውና መሣሪያው ነው ወይስ ጀግናውን ጀግና ያሰኘው ነገር?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ሪያድ ልመለስና ለወጣቱ ወንድሜ ልናገር። በቡሌቫርድ ወርልድ የቆመው ሐውልት የማን ሐውልት ነው? የማሽኑ ነው። ከብረት ተሠርቶ 33.7 ሜትር ወደ ሰማይ የወጣው ሮቦቱ ነው። መጥረጊያ ይዞ በበረት ደጃፍ የሚቆመው ዳይሱኬ በዚያ ቁመት አልተቀረጸም። ነገር ግን ማሽኑ ያለ ዳይሱኬ ምንድን ነው? ማንም ይዞት ሊሄድ የሚችል ብረት ነው። ሰዎች የወደዱት ታሪክ አገሩን ያጣ ሰው የእንጀራ ልጅነትን ሳይማረር ተቀብሎ፣ ለተቀበለው ቤት ሕይወቱን የሰጠበት ታሪክ ነው። ትዝታ ግን ማሽኑን ከፍ አድርጎ በረቱን በዝምታ አለፈው።

እህታችን የነገረችንን ልጨምር። አባትየው ታሪኩን ለልጆቹ ሲተርክ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያች ሰዓት እርሷ የልጆቹን ቦርሳ፣ የውኃ ጠርሙስና የትንሿን ልጅ ጫማ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ያንን እንባ ግብዝነት ብዬ አልፈርድበትም፤ ደግ ሰው እንደ ሆነ ራሷ ትመሰክራለች፤ ፎቶግራፉንም ያነሣት እርሱ ነው። የምለው ይህን ነው፦ በተረት ውስጥ ላለው ስደተኛ ያለቀሰች ዓይን ሦስት እርምጃ ዞር ብትል ስደተኛዋን ታገኛት ነበር። አልዞረችም። ይህ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ሕዝብ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ዓይን እንዲህ ነው፤ ከሩቅ ያለውን እንግዳ ይወዳል፣ በደጁ ያለውን ይለምደዋል።

ሕግም ቢሆን ከዚህ ልማድ ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በዚህ አገር ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ በግል ድርጅቶች ለሚሠሩ የውጭ ዜጎች አሠሪ የመቀየርንና ከአገር የመውጣትን መንገድ ሲያቃልል፣ የቤት ሠራተኞችን፣ የግል ሾፌሮችን፣ አትክልተኞችንና እረኞችን ግን አላቀፈም። በኋላ ለቤት ሠራተኞች የወጡ ሌሎች ደንቦች አሉ፤ እነርሱን መካድ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም ነገሩን ልብ በሉት፦ ዳይሱኬ ራሱ በዚያ ዓመት በዚህ ከተማ ቢገኝ ኖሮ ሥራው ከብት ማብላት ነውና ማሻሻያው እርሱን ባልነካው ነበር።

እስካሁን የጻፍሁትን ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ እንደምታነቡት አውቃለሁ። በአሠሪ ላይ መፍረድ ይቀለናል። አሁን ግን ወደ እኛው ክፍል እንመለስ፤ ክርክሩ ያላለቀው እዚያ ነውና።

እህታችን ያንን ፎቶግራፍ በተነሣችበት ሌሊት ወደ አገር ቤት ልካው ነበር። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው መብራቱ፣ ሐውልቱና ፈገግታዋ ነው። ቦርሳዎቹንና የልጅቷን ጫማ ከመነሣቷ በፊት መሬት አስቀምጣቸዋለች። ታናሽ እህቷ ፎቶግራፉን የስልኳ ገጽ አደረገችው፤ ለጎረቤት አሳየችው። በዚያው ዓርብ ጠዋት ደግሞ «ደላላ አግኝቻለሁ፤ እኔም እመጣለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከች። እህታችን ፎቶግራፉን ያሳየችን ስለ ሐውልቱ እንድንከራከር አልነበረም። ምን ብላ እንደምትመልስላት ቸግሯት ነበር። እኛ ግን ስለ ቀንድና ስለ መሣሪያ እየተከራከርን ቡናውን አቀዘቀዝነው።

ወገኖቼ፣ ከተማይቱ ማሽኑን አቁማ በረቱን ረሳች ብለን ስንከስስ፣ እኛስ ምን እያደረግን ነው? ወደ ቤታችን የምንልከው ሁሉ ሐውልት ነው። የገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት ተነሥተን እንልካለን፤ የማዳምን ሳሎን የራሳችን አስመስለን እንልካለን፤ የተዋስነውን ወርቅ አድርገን እንልካለን። ስድስት ሆነን የምናድርባትን ክፍል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንጨርሰውን የወጥ ቤት ሥራ፣ ያልተከፈለንን ወር አንልክም። ዱክ ፍሊድ የክንዱን ቁስል እንደ ሸሸገ እኛም እንሸሽጋለን። ምክንያታችን መልካም ነው፤ እናት እንዳትጨነቅ ነው፤ ወንድም እንዳያፍርብን ነው። ያ ምሕረት የሚመስል ዝምታ ግን ለደላላው ከሁሉ የተሻለ ማስታወቂያ ሆኖለታል። ደላላ ብዙ መዋሸት አያስፈልገውም፤ የእኛን ፎቶግራፍ ማሳየት ይበቃዋል።

ክብራችንን ጠብቀን መኖር መብታችን ነው የሚል ይኖራል። ይህን መልስ አከብረዋለሁ፤ ለረጅም ጊዜም የራሴ መልስ ነበር። በስደት ያለ ሰው ድህነቱን በአደባባይ እንዲያሰጣ ማንም ሊያስገድደው አይገባም። ነገር ግን ክብርና ማስመሰል አንድ አይደሉም። ዳይሱኬ ልዑልነቱን ቢደብቅም በረት መጥረጉን ግን አልደበቀም፤ በረቱ አላሳፈረውም። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ያልሆንነውን ልዑልነት እናሳያለን፣ የምናድርበትን በረት እንሰውራለን። በላባችን የምናገኘው እንጀራ የሚያሳፍር ከሆነ፣ ለምን ወንድሞቻችንን እንጠራበታለን? የማያሳፍር ከሆነ ደግሞ ለምን እንደብቀዋለን?

ሌላም አለ፤ ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶት ነበር። በመካከላችን ኢቃማ ያለው ኢቃማ የሌለውን የሚያይበትን ዓይን ሁላችን እናውቀዋለን። በአውሮፕላን የመጣው፣ በየመን በረሃ አቋርጦ የመጣውን ወንድሙን «የባሕሩ» ብሎ ይጠራዋል። ቀደም ብሎ የመጣው አዲስ ለመጣችው ልጅ የፍራሽ ቦታ ሲያከራያት ከራሱ የኪራይ ድርሻ አስበልጦ ያስከፍላታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በመንፉሐ የሆነውን የሚያስታውሱ በመካከላችን አሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማንም «አንተ የምንኛው ነህ?» ብሎ አልለየንም፤ ሁላችንም በአንድ ስም ተጠራን። እንዲህ ያለውን ቀን ያየ ማኅበረሰብ እንዴት ለራሱ ወገን ከፊል ይሆናል? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2018 በተከበረው የስደተኞች ቀን መልእክታቸው ስደተኛን መቀበል፣ መጠበቅ፣ ማሳደግና ከማኅበረሰቡ ጋር ማዋሐድ የሚሉ አራት ግሦችን አስተምረውናል። እነዚያ ግሦች የተጻፉት ለመንግሥታትና ለአሠሪዎች ብቻ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። የዶክተር ኡሞን ተግባር ከእኛም ይጠበቃል፤ በመንሱራ ደግሞ ዛሬ ማታ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም።

ወጣቱ ወንድሜ ይህን ሲያነብ «ታዲያ ጀግና አይኑረን ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ይኑረን እንጂ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተሰኘ፣ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ያለው የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። የታሪኩ ባለቤት አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ደራሲው ጀግናውን ሲፈልግ የሄደው ሥራ አጡ ዘንድ መሆኑን ልብ በል፤ ደላላውም የሚሄደው እዚያው ነው። ለዚያ ወጣት ቀድሞ የሚደርስለት ማን ይሁን? እውነቱን የሚነግረው ታላቅ ወንድም ወይስ የእኛን ፎቶግራፍ የያዘው ደላላ? ጀግንነት በዚህ ዘመን ይህን ያህል ትንሽና ይህን ያህል ከባድ ነገር ሊሆን ይችላል።

አትምጡ ብላችሁ ንገሯቸው አላልሁም። እኔ ራሴ መጥቼ እዚህ ሆኜ ሌላውን አትምጣ ማለት አይቻለኝም፤ አገር ቤት ያለውንም ችግር አውቀዋለሁ። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የሚመጣ ሰው በረቱን አይቶ ይምጣ። ደመወዙን፣ የሥራውን ሰዓት፣ ውሉን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ፣ ስልክ ቢወሰድበት ማንን እንደሚጠራ አውቆ ይምጣ። የሚቀርም ቢሆን በፍርሃት ሳይሆን በእውቀት ይቅር። ይህን ከእኛ በቀር የሚነግረው የለም።

የመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም ሲያበቃ ቬጋ ይሸነፋል፤ ዱክ ፍሊድም ከእህቱ ከማሪያ ጋር የተቀበለችውን ምድር ተሰናብቶ ወደ ፈረሰችው አገሩ ይመለሳል፤ ሊሠራት ነው። ሐውልቱ ይህንንም አያሳይም። ከእኛ መካከል ግን ሌሊት ሌሊት ስለዚያች የመመለሻ ቀን የማያስብ የለም።

የዚያን ዓርብ መጨረሻ ልንገራችሁ። ቡናው እንደገና ሞቀ፤ በረካውም ተጠጣ። ጋሼ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ደውዪላት፤ እኛ እዚሁ ነን» አሏት። እህታችን ስልኳን በምስል ደወለች። ታናሽቱ ስታነሣ ካሜራውን ወደ ፊቷ አላዞረችውም። ቀስ አድርጋ በክፍሉ ዙሪያ አዞረችው፤ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ፍራሾች፣ በመስኮቱ ላይ የተሰጡትን ልብሶች፣ በረኪና የላጣቸውን እጆቿን አሳየቻት። ከዚያም «አሁን እናውራ» አለቻት። ረጅም ሰዓት አወሩ። ልጅቱ ምን እንደምትወስን እስካሁን አላወቅንም።

በመጪው ዓርብ ወደ ቤታችሁ ስትደውሉ አንድ እውነት ጨምሩ። እኔም ለታናሽ ወንድሜ እደውላለሁ።

እግዚአብሔር በመንገድ ያሉትን ሁሉ ይጠብቅ።